ከሌለ ጋር ኩርፊያ የለም

ሥራ ያቆምኩበትን ቀን ሰፈሩ እስካሁን ይስቅበታል። አንድ ሙሽራ የሠርጉን ኮት ሊወስድ መጣ። እኔ ኮቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ የገበሩን የመጨረሻ ስፌት በእጄ እየጨረስኩ ነበር። «ይኸው ልጄ፣ አለቀልህ» ብዬ ብድግ ስል ኮቱም አብሮኝ ብድግ አለ። ለካ ዐይኔ ከድቶኝ የሙሽራውን ገበር ከራሴ ሱሪ ጋር አጥብቄ ሰፍቼዋለሁ። ሙሽራው ደንግጦ፣ «አባባ፣ እርስዎም አብረውኝ ሊመጡ ነው?» አለኝ። ሚዜው በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። በምላጭ ራሴን ከኮቱ ፈታሁና በዚያው ሳምንት የስፌት መኪናዬን ሸጬ ቤቴ ገባሁ።

ቤቱ የዋለ ሽማግሌ ሥራው ማውራት ነው። የሚጠይቁኝ ሁሉ የሚፈልጉት የትልልቅ ሰዎችን ልብስ ስለመስፋቴ እንድነግራቸው ነው። ሰፍቻለሁ። የሚኒስትርም ሱሪ እንደማንም ሱሪ ሁለት እግር ነው ያለው፤ ብዙ አይወራለትም። እኔ ባስታወስኩት ቁጥር የምስቀውም የምንቀጠቀጠውም ስለ አንድ የተገለበጠ ኮት ነው። እሱ ኮት ቀበሌ አሳስሮኛል፤ እሱ ኮት ክርስትና አስነሥቶኛል። ከሁሉ በፊት ግን ሥራ ያስተማሩኝን ጋሽ ብሥራትን ላስተዋውቃችሁ።

ጋሽ ብሥራት ከፒያሳ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ ጠባብ የስፌት ቤት ነበራቸው። እሳቸው ዘንድ ስገባ ልጅ አልነበርኩም፤ ሚስት ያገባሁ፣ ሁለት ሱቅ ተቀጥሬ ከሁለቱም የተባረርኩ ጎልማሳ ነበርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ያባረረኝ አርፍጄ ስለመጣሁ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጣም ማልጄ ስለመጣሁ፤ ከጠጅ ቤት በቀጥታ ነበር የመጣሁት። ጋሽ ብሥራት ይህን ሁሉ ሰምተው፣ «ቁልፍ ትተክላለህ?» ብቻ አሉኝ። «እተክላለሁ» አልኩ። «ግባ።»

እሳቸው ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት በሳሙና ስባሪ ጥጉ ላይ ትንሽ መስቀል ያደርጋሉ፤ ሐርም ይሁን ጆንያ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ይዘው መቀሱን ይሰዱታል። አፋቸው ውስጥ ሁልጊዜ ስፒል አለ። ሲናደዱ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈራቸው እያወጡ ባንኮኒው ላይ ይደረድራሉ፤ የሚሳደቡት ከዚያ በኋላ ነው። ስፒሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ግማሹ ንዴት ይበርድላቸዋል። የቀረው ግማሽ ግን ለአንድ ቀበሌ ይበቃ ነበር። ተሳድበው ሲጨርሱ «ይቅር በለኝ» ይሉና ስፒላቸውን መልሰው ይጎርሳሉ።

እንዲህ በተሳደቡ ማግስት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ወደ ውስጥ አይዘልቁም። በሩን ተሳልመው ከአጥሩ ግንብ ሥር ይቆማሉ። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ አየኋቸውና፣

«ጋሽ ብሥራት፣ ምነው ውጭ ቆሙ?» አልኳቸው።

«ትናንት አንተን አህያ ብዬሃለሁ።»

«እኔ እኮ ይቅር ብዬዎታለሁ! ይግቡ እንጂ።»

«አንተ ይቅር ማለትህ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ።

ሥራ ያስተማሩኝ ከልብስ ጀርባ ነው። የሰፋሁትን ስሰጣቸው ፊቱን አያዩም፤ ገልብጠው ውስጡን ነው የሚያዩት። የስፌቱን ትራፊ በጣታቸው ይከተላሉ፣ ክሩ የታሰረበትን ይጎትታሉ፣ ገበሩን እያነሡ ያሸታሉ። «ልብስ የሚታየው በፊቱ ነው፣ የሚፈርሰው ግን ከውስጡ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ፊቴ ተተኩሶ ውስጤ የተተረተረ ሰው ስለነበርኩ፣ ይህን በሰማሁ ቁጥር ስለ ልብስ ብቻ እያወሩ እንደሆነ እጠራጠር ነበር።

እኔና እግዚአብሔር በዚያን ጊዜ አንነጋገርም። እናቴ ስትታመም ጸበል አመላለስኳት፣ ተሳልኩ፣ ጥላዬ እስኪቀጥን ጾምኩ። እሷ ግን አረፈች። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን በር ሳልፍ ቆቤን አወልቅና ፊቴን አዞራለሁ። ቆቤን ማውለቄ ልማድ ነው፤ ፊቴን ማዞሬ ቂም። ቆይቶ ደግሞ ዘመኑ ከፋ፤ ከሰፈራችን የሄዱ ልጆች ሳይመለሱ ቀሩ። ልብስ ስተኩስ ሰማዩ እንዲህ ዝም ያለው ምናልባት እዚያ ማንም ባይኖር ነው የሚል ሐሳብ ከእንፋሎቱ ጋር ይመጣብኝ ጀመር።

መጠጡስ? በሚካኤል እተዋለሁ፣ በገብርኤል እጀምራለሁ። በመካከል ያሉት ቅዱሳን ሁሉ ምስክሮቼ ናቸው። ባለቤቴ እየጎተተች የንስሐ አባታችን አባ ጥዑም ዘንድ ትወስደኛለች። አባ ጥዑም ኑዛዜ የሚሰሙት ዐይናቸውን ጨፍነው ነው። አንድ ጊዜ በመካከሉ አንቀላፍተዋል ብዬ ዝም ስል፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ቀጥል ልጄ፣ እስካሁን ያልሰማሁት ነገር አልነገርከኝም» አሉኝ።

ደርግ ከመጣ በኋላ የግል ስፌት ቤቶቹ ተሰባስበን የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆንን። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ያለ መጋዘን ውስጥ መኪኖቻችንን ደረደርን። ደመወዛችን ትንሽ፣ ስብሰባችን ብዙ፣ ጨርቃችን ካኪ ብቻ ሆነ። ጋሽ ብሥራት ካኪውም ላይ መስቀላቸውን አልተዉም። አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀ መንበር አየና፣

«አባት፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አላቸው።

ጋሽ ብሥራት ስፒላቸውን እንደጎረሱ፣ «የመደመር ምልክት ነው። ምርት እንዲጨምር» አሉት።

ሊቀ መንበሩ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ አስጨበጨበላቸው። እኔ ሳቄን ለመደበቅ አንገቴን ካኪ ውስጥ ቀበርኩ።

ደህና ሱፍ ከገበያ ስለጠፋ ኮት ማስገልበጥ የተለመደ ሆነ። ፀሐይ የበላውን ኮት ስፌቱን ሁሉ በምላጭ ትፈታለህ፣ ገበሩን ታወጣለህ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ ውስጡን ወደ ፊት አድርገህ እንደ አዲስ ትገጥመዋለህ። ልፋቱ ብዙ ነው፤ ኮቱ ግን እንደገና ይወለዳል። አንድ ጣጣ ብቻ አለው። ኮት ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። በግራ ደረት ላይ የነበረችው ትንሽ ኪስ በቀኝ በኩል ብቅ ትላለች፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹም ጎን ይለውጣሉ። ደህና ልብስ ሰፊ ቀዳዳዎቹንና የኪሱን አፍ ከራሱ ከጨርቁ በተመዘዘ ክር ጠልፎ ይደፍናል፣ በትክክለኛው በኩል ደግሞ አዲስ ያወጣል። ድፍኑ ከታወቀ ሥራው አልተሠራም።

የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ታምራት ይባላል። ስሙ ታምራት፣ ሥራው ታምራት የለም ብሎ ማስተማር ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የቸኮለ ሰው ነው። አንድ ቀን በክንዱ ሥር የጨርቅ ጥቅል ይዞ መጣ። ጋሽ ብሥራት ሲፈቱት የድሮ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት ነው።

«የአባቴ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለአብዮት በዓል ዝግጅት ትልልቆቹ የሚመጡበት ስብሰባ አለኝ። እንዲያምርብኝ እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ብሥራት ሱፉን በጣታቸው አሹት። ጥሩ ጨርቅ ሲነኩ ፊታቸው ይበራል። «ይወጣዋል» አሉ። ስፌቱን በእጃቸው ፈቱ፣ ገጠሙ፣ በረጅም ስፌት ሸልለው ሰፉት። በመካከሉ ግን ፍልሰታ ገባችና «ወገቤን አሞኛል» ብለው ፈቃድ ጠይቀው ሱባዔ ሄዱ። ወገባቸው በእርግጥ ያማቸው ነበር፤ ከስግደቱ በኋላ ብሶባቸው ነው የተመለሱት። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «ኪሱን አደራ» አሉኝ። «ቀዳዳውን ማንም ይሠራዋል፤ ኪሱን አደራ።»

የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ደፈንኩ፣ አዲስ አወጣሁ። ኪሱ ቀረኝ። የኪስ አፍ መጥለፍ እጅ መንቀጥቀጥ የሌለበት ሥራ ነው፤ የእኔ እጅ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከዶሮ ማነቂያ ጠጅ ቤቶች ሳይለይ ዝናብ እንደሚመታው ቅጠል ነበር። መርፌውን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። «አሁን ማን የሰው ደረት ይመረምራል?» አልኩ። ኪሱን ባለበት ትቼ በደንብ ተኩሼ ሰጠሁት። ጓድ ታምራት መስታወት ፊት ሲቆም ኮቱ እውነትም አምሮበት ነበር። አመስግኖኝ ሄደ።

ስብሰባው ላይ የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። ጓድ ታምራት ንግግር ሊያደርግ መድረክ ላይ ሲወጣ ከፊት ከተቀመጡት አንዱ የአራዳ ልጅ ለጎረቤቱ፣ «ኧረ ይኸ ሰውዬ ኪሱ ወደ ቀኝ ዞሯል» ይላል። ጎረቤቱ ይስቃል። ሳቁ ወንበር ለወንበር ሄዶ ከላይ የመጡት አንድ ቁጡ ጓድ ዘንድ ሲደርስ ሳቅ መሆኑ ቀረ። «ቀኝ መንገደኛ» የሚባል ቃል ሰው በሚያስበላበት ዘመን እኮ ነው! «ጓድ፣ አለባበስህ መልእክት አለው?» ብለው ይጠይቁታል። ታምራት እዚያው ቆሞ በላብ እየተጠመቀ ስለ ደረት ኪሱ ግለ ሂስ አደረገ።

በማግስቱ ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው መጋዘኑ በር ላይ ቆሙና ስሜን ጠሩ። መኪናው ሁሉ ዝም አለ። እግሬ መርገጫው ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። በእኛ ሰፈር ስሙ እንዲህ ተጠርቶ የሄደ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ እናቱ እስክትሞት በሩን አልቆለፈችም።

የፍርዱ ቦታ የእሑድ የውይይት ክበብ ሆነ። ክበቡ የሚካሄደው ሆን ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት ነው። አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። ጓድ ታምራት ኮቱን ጠረጴዛው ላይ እንደ ሬሳ አጋድሞታል።

«ይህ አሻጥር ነው» አለ። «ግን ሰውየውን ያበላሹት ሌሎች ናቸው። ኮቱን የተቀበሉት ብሥራት የሚባሉት ናቸው። ሥራውን ጥለው የት ሄዱ?»

«ወገባቸውን አሟቸው» አልኩ።

«ሱባዔ ነው የሄዱት! አጉል እምነት እንዲህ ነው ምርት የሚያደናቅፈው።» ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን አለዘበ። «አንተ ጭቁን ሠርቶ አደር ነህ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም አይተንህ አናውቅም። ተነሥና ለሕዝቡ እግዚአብሔር የለም፣ ያሳሳቱኝ እሳቸው ናቸው በል። ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።»

ተነሣሁ። ቀላል ነገር እኮ ነው። ግማሹን በልቤ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። ምላሴ እንደ ደረቀ ቆዳ ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። እንደገና ሞከርኩ። አልወጣም።

«ጓድ ታምራት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ በመጨረሻ። «ይህን ማለት አልቻልኩም።»

«ታዲያ አለ ብለህ ታምናለህ?»

«እሱንም ደፍሬ አልልም።»

«ታዲያ ምንድን ነህ አንተ?»

«ተኳርፈናል።»

«ከማን ጋር?»

ጣቴን ወደ ቆርቆሮው ጣራ ቀሰርኩ።

«እናቴ ከሞተች ጀምሮ አንነጋገርም» አልኩ። «አሁን የለም ካልኩ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ነው የተኳረፍኩት? ከሌለ ጋር ኩርፊያ የለም። ሰው አብዷል ይለኛል።»

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ እማማ ጥሩነሽ፣ የሰፈሩ ጠላ ጠማቂ፣ ከተቀመጡበት ጮኹ፦ «እውነቱን ነው! እኔም ከባሌ ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፌ አውቃለሁ፤ አለመኖሩን ግን ተመኝቼም አላውቅ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጠመንጃ የያዙት ጠባቂዎች ሳይቀሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጓድ ታምራት ከንፈሩን ነክሶ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ብሥራትስ?» አለ ሳቁ ሲበርድ።

«እሳቸው ኪሱን አደራ ብለውኝ ነው የሄዱት። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አሻጥርም አይደለም ጓድ፤ ጠጅ ነው።»

ሕዝብ በሳቀበት ሰው ላይ አሻጥረኛ ብሎ መፍረድ አይመችም። ኮቱ በትክክል እስኪሠራ ድረስ በቀበሌው እስር ቤት እንድቆይ ተወሰነ። እስር ቤቱ የድሮ የእህል መጋዘን ነው፤ አንድ የብረት ፍርግርግ መስኮት አለው። ሲዘጉብኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሌላ ሰው አልነበረም። ቀና ብዬ «ይኸው ባንተ ምክንያት ታሰርኩ» አልኩት።

ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ እሷ ነበረች። ጸሎት ትባል እንደሆነ አባ ጥዑም ናቸው የሚያውቁት። ግን ተናገርኩት። ከዚያ የእናቴን ነገር አነሣሁበት፣ ወቀስኩት፣ አለቀስኩ። መልስ አልሰማሁም። ሆኖም ዝምታው እንደ ቀድሞው የባዶ ቤት ዝምታ አልመሰለኝም፤ የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ መሰለኝ። ልሳሳት እችላለሁ። ያን ቀን ግን ልቤ ቀለለኝ።

በማግስቱ ጋሽ ብሥራት ወገባቸውን ይዘው መጡ። ከፍርግርጉ ማዶ ቆመው ስፒሎቻቸውን አንድ በአንድ አውጥተው መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደሩ። ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ዐይኔን ጨፈንኩ። የዚያን ቀን ስድብ እዚህ አይጻፍም። ጠባቂው እንኳ «አባት፣ ይብቃዎት፣ እስረኛ ነው» አላቸው። ጨርሰው «ይቅር በለኝ» አሉና መርፌ፣ ምላጭና አንድ የሻይ ብርጭቆ በፍርግርጉ አቀበሉኝ።

ጓድ ታምራት ኮቱን አምጥቶ፣ ዐይኔ እያየ ይሠራልኝ ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጋሽ ብሥራት ከውጭ እየመሩኝ ጀመርኩ። መጀመሪያ ከኮቱ የውስጥ ትራፊ አንድ አንድ ክር መዘዝኩ። የኪሱን አፍ ብርጭቆው አፍ ላይ ወጠርኩ። ከዚያ የጨርቁን ሽመና ተከትዬ መርፌዋን በአንዷ ክር ሥር፣ በሌላዋ ላይ፣ በአንዷ ሥር፣ በሌላዋ ላይ። ከሳትክ ትመልሳለህ። ከጎተትክ ይጨማደዳል። እጄ መንቀጥቀጡን ሲያዩ ጋሽ ብሥራት በፍርግርጉ ውስጥ እጃቸውን አስገብተው አንጓዬን ያዙልኝ። እንዲህ ሆነን ቀናት ሠራን።

በመካከሉ ጓድ ታምራት ለስልክ ሲወጣ ጠየቅኳቸው። «ጋሽ ብሥራት፣ እርስዎ ተጠራጥረው ያውቃሉ?»

«በምኑ?»

«በእሱ።»

«በየቀኑ» አሉ ወዲያው። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው አልደነገጡም። «መርፌ ላይ ክር ስትሰካ ዐሥር ጊዜ ትስታለህ። ታዲያ ይህ መርፌ ቀዳዳ የለውም ብለህ ትጥለዋለህ? ክሩን ትልሰውና እንደገና ትሞክራለህ። በል ሥራህን ሥራ፣ ወገቤን አትጨርሰኝ።»

ድፍኑ አልቆ፣ አዲሱንም ኪስ በግራ አውጥቼ፣ ጋሽ ብሥራት ባመጡት ካውያ በእርጥብ ጨርቅ ተኩሼ ስሰጠው ጓድ ታምራት ኮቱን መስኮቱ ብርሃን ላይ ወሰደው። በጣቱ ፈለገ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ ፈለገ። «የት ነበር?» አለ። ጋሽ ብሥራት መነጽራቸውን አደረጉና እሳቸውም ፈልገው አጡት። ወደ እኔ ዞረው ብዙ አዩኝ። ያን ቀን አላመሰገኑኝም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብተው አስቀደሱ አሉ።

ወራት አለፉ። ጓድ ታምራት አንድ ቀን ረፋድ ላይ የስፌት መጋዘናችን መጣና ወደ ጥግ ወሰደኝ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለች።

«እንኳን ማርያም ማረችልዎ!» ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

«አሜን» አለና እሱም ምላሱን ነከሰ።

ለካ አማቱ ልጁ በአርባ ቀኑ ካልተጠመቀ እህል አልቀምስም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ሚስቱም ከእናቷ ጋር ተባብራለች። የሚፈልገው ነጭ የጥምቀት ልብስና አፉ የማይላወስ የክርስትና አባት ነው።

«ጋሽ ብሥራት አሉ አይደል?» አልኩት።

«እሳቸው ሕፃን አቅፈው ወደ ደብር ቢሄዱ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንተን ግን ማንም አይጠረጥርህም።»

ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልገባኝም። «እኔ እኮ ሰካራም ነኝ፤ የማምነውንም በቅጡ አላውቅም» አልኩት። ጫማውን አየ። ከዚያ «ያን ያህል ሕዝብ ፊት፣ እስር ቤት እያየህ፣ አልካድከውም» አለ። «ልጄን ሌላ ለማን እንደምሰጥ አላውቅም።»

ጋሽ ብሥራት ልብሱን ራሳቸው ሰፉ። አባ ጥዑም ከእንጦጦ ግርጌ የሚያውቋት፣ ማንም የማያውቀን ትንሽ ደብር ነበረችና እዚያ ቀጠሩን። ሕፃኑን አቅፌ ጋሽ ብሥራትን አስከትዬ ገባሁ።

«የልጁ ስም?» አሉ አባ ጥዑም።

«አብዮት።»

ዲያቆኑ ጧፉን ሊጥለው ምንም አልቀረው። አባ ጥዑም ሕፃኑን በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩት። «ይሁን፤ አብዮትም ይጠመቃል» አሉ። ዕለቱ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስለነበር አብዮት ሆኖ የገባው ልጅ ተክለ ሃይማኖት ሆኖ ሊወጣ ነው።

ክርስትና የሚያነሣ ሰው በሕፃኑ ፈንታ ይመልሳል። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ አዙረውኝ ሰይጣንን ካድ አሉኝ። እሱን በደንብ ስለማውቀው ጮክ ብዬ ካድኩት፤ ሕፃኑ ደንግጦ ነቃ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አዞሩኝ።

«ታምናለህ?» አሉ አባ ጥዑም።

ሕፃኑ ቡጢውን ደረቴ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ ያየኛል። በሱ ፈንታ መዋሸት ከበደኝ። ዝም ማለትም ከበደኝ። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ያ የእህል መጋዘን ትዝ አለኝ። ሁሉም ይጠብቃል።

«አምናለሁ» አልኩ። ይህን ያህል ብቻ ብዬ መተው ይቻል ነበር፤ ግን ሕፃኑ እያየኝ ስለሆነ «እንደ አቅሜ» ብዬ ጨመርኩበት።

ዲያቆኑ በጧፉ ጀርባ ሲስቅ ሰማሁ። ጋሽ ብሥራት ከኋላዬ ስፒል ሊያወጡ እጃቸው ወደ አፋቸው እንደሄደ ጥላቸው ነገረኝ። አባ ጥዑም ግን ዐይናቸውን እንኳ አላነሡም።

«ሁላችንም እንደ አቅማችን ነው» አሉ። «ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ልጁ ውኃው ሲነካው ደብሩን በጩኸት ናጠው፤ ሁላችንም ደስ አለን።

ጓድ ታምራት መኪናውን ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ አቁሞ፣ ያንኑ ኮት ለብሶ ኮሌታውን አንሥቶ ይጠብቅ ነበር። ልጁን ተቀብሎኝ እርጥብ ፀጉሩን ዳበሰ።

«ምን አልክለት?»

«አምናለሁ አልኩለት።»

«በልጄ ስም?»

«በልጅዎ ስም። ትንሽ ለራሴም ጨመርኩበት።»

ከዚያ ወደ ዛፎቹ እያየ፣ «ለእኔም ጨመር ብታደርግ ምን ነበረበት» አለ። ወዲያው ደግሞ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አበ ልጅ ነን። በሰው ፊት ግን ጓድ ነው የምትለኝ» አለኝ።

«እሺ ጓድ አበ ልጅ» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ የተለወጥኩ መስሎኝ ነበር። ለጥቂት ቀናት በመሸታ ቤት በር ሳልፍ የሌላ አገር ሰው ሆኜ ነበር። ሳምንቱ ሳይሞላ ጠጣሁ፤ ያውም ከቀድሞው አብልጬ። በማግስቱ ራሴ እየተሰነጠቀ፣ በኀፍረት ግንብ ለግንብ እየሄድኩ አባ ጥዑም ቤት ደረስኩ። በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባ፣ አበላሸሁት» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሕፃን አቅፌ አምናለሁ ብዬ፣ ይኸው። አሁን እግዚአብሔር ፊት በምን ዐይኔ እቀርባለሁ?»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

አሰብኩ። እውነት ለምን መጣሁ? ማንም አልጎተተኝም። ባለቤቴ እንኳ አታውቅም።

«ወዴት ልሂድ አባ?» አልኳቸው። «ሌላ የምሄድበት የለኝም እኮ።»

አባ ጥዑም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በደረጃው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።

«እንግዲህ አማኝ ነህ» አሉ። «ቁጭ በል፣ ፀሐይዋ ጥሩ ነች።»